ቶርቶላ ደሴት ላይ ኩባንያ ስለማቋቋም፦ ከደብረ ማርቆስ የቀረበ ጥያቄ

ንድፍ ሠሪዋ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ጥያቄ ከመጻፌ በፊት ሁለት ሳምንት አመንትቻለሁ። በእኛ ቤት የገንዘብ ነገር በአደባባይ አይወራም። ይሁን እንጂ የምወስነው ነገር የእኔ ብቻ አይደለም፤ አብረውኝ የሚሠሩ የሁለት ልጆች እንጀራም አለበት።

ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። የተማርሁት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ካናዳ ያለ አንድ የግንባታ ድርጅት የመኖሪያ ቤት ንድፎችን ይልክልናል፤ እኛ የመሠረቱን፣ የብረቱንና የጣሪያውን ዝርዝር ሥዕል በኮምፒውተር አውጥተን እንመልሳለን። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ሦስት ኮምፒውተር አለን። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ደንበኛችን ይተወናል ብዬ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ አልተወንም። አሁን በወር 2,100 ዶላር ገደማ ይከፍለናል።

ችግሬ ክፍያው ነው። እስካሁን ገንዘቡ ቶሮንቶ በሚኖረው አጎቴ ሒሳብ ይገባና እርሱ በየወሩ ይልክልኛል። ባለፈው ወር ባንኩ ጠርቶ «ይህ በየወሩ ከግንባታ ድርጅት የሚገባልህ ገንዘብ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። አጎቴ ደንግጦ ደወለልኝ። «ልጄ፣ ስሜ ሳይበላሽ ሌላ መንገድ ፈልጊ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰው ቸር ቢሆን ስሙን እስኪያጣ ድረስ አይጠየቅም።

በዚህ መካከል በማኅበራዊ ሚዲያ አንድ ወኪል አገኘሁ። በካሪቢያን ባሕር በብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች፣ ቶርቶላ በምትባለው ደሴት፣ በሦስት ቀን ውስጥ በስሜ ኩባንያ እንደሚያቋቁምልኝ፣ የባንክ ሒሳብም አብሮ እንደሚከፍትልኝ ነገረኝ። ዋጋው 1,900 ዶላር ነው። «ግብር የሚባል ነገር የለም፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነም ማንም አያውቅም» ይላል። ከፋሲካ በኋላ ዋጋው ይጨምራል ብሎኛል። ቶርቶላ ከበዛብኝ ደግሞ አንጉዊላ የምትባል ሌላ ደሴት በርካሽ አለች አለኝ።

እኔ ከግብር የምሸሽ ሰው አይደለሁም። አባቴ የጤፍ ነጋዴ ነበር፤ በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ መዝገቡን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ገቢዎች ሲሄድ እያየሁ ነው ያደግሁት። የምፈልገው ደንበኛዬ በቀጥታ የሚከፍለኝ፣ እኔም ደመወዝ የምከፍልበት፣ ማንንም የማያስቸግር መንገድ ነው። ይህ ኩባንያ ያንን ይሰጠኛል? ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የዚያ ኩባንያ ባለቤት ብሆን የአገሬ ሕግ ምን ይላል? ያወቃችሁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ሒሳብ ሠራተኛው (ባሕር ዳር)

ልጄ፣ ከመክፈልሽ በፊት መጠየቅሽ ደግ ነው። እኔ በሒሳብ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎችን መዝገብ እይዛለሁ። ስለዚህች ደሴት ሲጠይቁኝ የመጀመሪያዋ አይደለሽም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ደሴቶቹን ወንበዴ የሚያስተዳድራቸው አድርገሽ አታስቢ። የብሪታንያ ግዛት ናቸው፣ የራሳቸው ምክር ቤትና ፍርድ ቤት አላቸው፣ የሚገበያዩት በአሜሪካ ዶላር ነው። ሁሉም ተደምረው 153 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው፤ ጣናችን ሃያ ጊዜ ያህል ይውጣቸዋል። የሕዝባቸው ቁጥር ከአንድ መካከለኛ የጎጃም ከተማ አይበልጥም፤ በመዝገባቸው ላይ ያሉት ኩባንያዎች ግን ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ናቸው። ይህ እንዴት ሆነ ብትዪ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ከደሴቶቹ ጋር የነበራትን የግብር ስምምነት አፈረሰች፤ እነርሱም በ1984 ለውጭ ሰዎች ኩባንያ የሚያቋቁም ሕግ አወጡ። በዚያ አሥር ዓመት መጨረሻ ፓናማ ስትታመስ እዚያ የነበረው ደንበኛ ወደ ቶርቶላ ጎረፈ። የ2004ቱ ሕግ የመጀመሪያውን ተክቶ እስካሁን ይሠራል። እኛ ጤፍና ኑግ እንደምንሸጥ እነርሱ የምዝገባ ወረቀት ይሸጣሉ። ሕጋዊ ንግድ ነው።

አሁን በ1,900 ዶላር የምትገዢውን እንይ። የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ መመሥረቻ ጽሑፍ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሮድ ታውን ከተማ ውስጥ ያለ ፈቃድ ያለው ወኪል አድራሻ። ባለአክሲዮንም ዳይሬክተርም አንቺው አንዷ መሆን ትችያለሽ፤ ዝቅተኛ ካፒታል አይጠየቅም። ለመንግሥታቸው የሚከፈለው፣ የአክሲዮኑ ብዛት ከ50,000 ካልበለጠ፣ ከ2023 ጀምሮ 550 ዶላር ነው፤ የቀረው የወኪሉ ነው። ልብ በይ፣ 550 ዶላሩ በየዓመቱ ይከፈላል። በዓመቱ የመጀመሪያ ስድስት ወራት የተመዘገበ ኩባንያ እስከ ሜይ 31፣ በሁለተኛው የተመዘገበ እስከ ኖቬምበር 30 ይከፍላል። ከዘገየ መጀመሪያ አሥር በመቶ፣ ቆይቶ ሃምሳ በመቶ ቅጣት ይጨመራል፤ ጭራሽ ካልተከፈለ ኩባንያው ከመዝገብ ይሰረዛል። የወኪሉም ዓመታዊ ክፍያ በላዩ ላይ አለ። ሁለተኛውን ዓመት ስንት እንደሚያስከፍልሽ ነግሮሻል?

የባንክ ሒሳብ በዚህ ወረቀት ውስጥ የለም። የትኛውም ባንክ የቶርቶላ ኩባንያ ስላለሽ ብቻ ሒሳብ ሊከፍትልሽ አይገደድም። በሰኔ 2025 ደግሞ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ አካል ደሴቶቹን ጥብቅ ክትትል ከሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። አገራችንም እስከ ጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበረች፤ ያን ጊዜ ከውጭ ለሚመጣልን ለእያንዳንዱ ክፍያ ስንት ደብዳቤ እንደጻፍሁ እኔ አውቃለሁ።

«ማንም አያውቅም» ያለሽን ተይው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንድ የፓናማ የሕግ ቢሮ 11.5 ሚሊዮን ሰነድ ወጥቶ በዓለም ጋዜጦች ሲነበብ፣ በሰነዱ ውስጥ ከነበሩት 214,000 ያህል ድርጅቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የእነዚህ ደሴቶች ኩባንያዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጠብቋል። ከጥር 2025 ጀምሮ የባለአክሲዮኖች መዝገብና የእውነተኛው ባለቤት ማንነት ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት መቅረብ አለበት። ደግሞስ አንቺ ምን የምትደብቂው አለሽ?

ዋናው ግን እዚህ ያለው ሕግ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን አንብቢው። በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው በዓለም ዙሪያ ባገኘው ገቢ ሁሉ ግብር ይከፍላል። ድርጅትም ነዋሪ የሚባለው እዚህ ስለተቋቋመ ብቻ አይደለም፤ ውጤታማ አመራሩ የሚሰጠው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነም ነዋሪ ነው። የአንቺን ኩባንያ ማን ይመራዋል? አንቺ። ከየት ሆነሽ? ከደብረ ማርቆስ። ስለዚህ ቶርቶላ ተመዝግቦም የኢትዮጵያ ግብር ከፋይ ነው፤ በትርፉ ላይ የሚከፍለውም እዚህ እንደተቋቋመ ማኅበር ሠላሳ በመቶ ነው። በውጭ አገር የተከፈለ ግብር እዚህ ይካካሳል፤ እዚያ ምንም ካልተከፈለ ግን የሚካካስ የለም። ደሴቶቹም ራሳቸው እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እያንዳንዱ ኩባንያ ምን እንደሚሠራና የግብር ነዋሪነቱ የት እንደሆነ በየዓመቱ እንዲያሳውቅ ያስገድዳሉ። የሁለት አገር ወረቀት ስትሞዪ ትኖሪያለሽ፤ የምታተርፊው ግን የለም።

የውጭ ምንዛሪውም እንዲሁ ነው። ንድፍ ሠርተሽ ካናዳ መላክሽ የአገልግሎት ወጪ ንግድ ነው፤ ገንዘቡ በባንክ በኩል ወደ አገር መግባት አለበት። ቀድሞ ሰው የሚሸሸው በመንግሥት ተመን ስለሚመነዘርበት ነበር። በሐምሌ 2024 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ላኪው ከሚያስገባው ውስጥ ግማሹን በውጭ ምንዛሪ ሒሳቡ እንዲያቆይ፣ ግማሹን ለባንኩ በገበያ ዋጋ እንዲሸጥ ፈቅዶ ነበር። ለሦስት ሰው ሥራ ይህ ይበቃል።

እኔ የምመክርሽ እዚሁ እንድትመዘገቢ ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ቀድሞ ሁለተኛ ሰው በስም ማስገባት ግድ ነበር። ከካናዳው ድርጅት ጋር የተፈረመ ውል ያዢ፣ በየወሩ የክፍያ ጥያቄ ላኪላቸው፣ ገንዘቡን ባንኮች ከአገር አገር በሚላላኩበት በስዊፍት መስመር በቀጥታ ወደ ድርጅትሽ ሒሳብ ያስተላልፉ። ለካናዳ ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ባንክ መክፈል ብርቅ ነገር አይደለም። ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?

ለፋሲካ የተባለው ቀጠሮ አያስቸኩልሽ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ማርና ሰም ላኪ (ዳንግላ)

እህቴ፣ ጋሼ የጻፉትን በገንዘቤ የተማርሁት ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

በ2011 ዓ.ም. ማርና ሰም ለአንድ የአውሮፓ ገዢ መላክ ጀምሬ ነበር። አንድ ደላላ መጣና «በመሐል የቶርቶላ ኩባንያ አስገባ። ሰሙን ለራስህ ኩባንያ በርካሽ ሽጥለት፣ ኩባንያህ ለገዢው በትክክለኛው ዋጋ ይሽጥ፣ ልዩነቱ እዚያ ይቀመጥልሃል» አለኝ። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ወንጀል መሆኑን አላወቅሁም፤ ብልኃት መስሎኝ ነበር። ዋጋ ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ መላክ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ የሕግ ሰው ሲያስረዳኝ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን አንድም ጭነት በዚያ መንገድ ሳይሄድ ነገሩ በራሱ ፈረሰ።

የፈረሰው እንዲህ ነው። ኩባንያውን ለማቋቋም የተረጋገጠ የፓስፖርት ቅጂ፣ የባንክ የድጋፍ ደብዳቤና የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ጠየቁኝ። የመብራት ደረሰኝ ላክ አሉ። የእኔ የመብራት ቆጣሪ በሟች አባቴ ስም ነው። የውሃውም እንዲሁ። ጎዳናችን ስም የለውም፣ የቤት ቁጥሩም በቀበሌ መዝገብ ላይ እንጂ በር ላይ አልተጻፈም። ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፌ፣ ባሕር ዳር አስተርጉሜ፣ አዲስ አበባ ሄጄ አረጋግጬ፣ ማኅተም በማኅተም ላይ አስደርቤ ላክሁ። «ቀኑ ከሦስት ወር አልፏል፣ አዲስ አምጣ» ተባልሁ። ለዚያ ደብዳቤ አራት ጊዜ ዓባይን ተሻግሬያለሁ።

ኩባንያው ተቋቋመ። 1,350 ዶላር ከፈልሁ። ወረቀቱ ያምራል፤ ቀይ ማኅተም አለው፣ እናቴ የዲግሪ ምስክር ወረቀት መስሏት ግድግዳ ላይ እንስቀለው ብላኝ ነበር። ባንክ ግን የለም። ሦስት ባንኮች ቅጹን አስሞልተው «አንቀበልም» አሉ፤ ለምን እንደሆነ አይነግሩሽም። አንድ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ድርጅት ተቀብሎ ከፈተልኝ፣ በአምስተኛው ወር ዘጋው። ውስጡ የነበረው 640 ዶላር እስኪመለስልኝ ሰባት ወር ፈጀ። በመጨረሻ ገዢዬ ራሱ ደወለና «ከዳንግላ ማር የሚያመጣልኝን ሰው አውቃለሁ፤ ይህን የደሴት ኩባንያ ግን አላውቀውም፣ ባንኬም አይቀበለውም» አለኝ። ሌላ ቃል አላስፈለገም።

ሁለት ዓመት የእድሳት ክፍያ ከፍዬ ሦስተኛውን ተውሁት። ከመዝገብ ተሰረዘ። በአጠቃላይ የወጣብኝ ከ3,500 ዶላር ይበልጣል፤ በዚያን ጊዜ ሁለት መቶ ዘመናዊ ቀፎ ይገዛልኝ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው የእኔ ነገር ነው። አንቺ ደንበኛሽ የሚያውቅሽ በስምሽና በሥራሽ ነው፤ ያንን ስም በማያውቀው ስም አትለውጪበት።

የሕግ ባለሙያ (የሞጣ ልጅ፣ አዲስ አበባ)

ሁለታችሁም የጻፋችሁት ትክክል ነው፤ በአንድ ነገር ላይ ግን ልለይ። እነዚህ ኩባንያዎች ለማንም አይጠቅሙም የሚል ስሜት እንዳይቀር እፈልጋለሁ። ይጠቅማሉ፤ ለማን እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው ነገሩ።

ከሦስት አገር የመጡ ሦስት ባለሀብቶች በአራተኛ አገር አንድ ድርጅት ሊገዙ ሲፈልጉ፣ አንዱ በሌላው አገር ፍርድ ቤት መዳኘት አይፈልግም። ቶርቶላ ሕጓ ከእንግሊዝ ሕግ የተቀዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለንግድ ክርክር የተለየ ችሎት አላት፤ የመጨረሻው ይግባኝ ለንደን ለሚገኘው የንጉሡ አማካሪ ምክር ቤት የዳኝነት ኮሚቴ ይቀርባል። ለእነዚያ ሰዎች ይህ ገንዘብ የሚያወጣ ነገር ነው። የቻይናው የኢንተርኔት ንግድ ድርጅት አሊባባም የተመዘገበው በካሪቢያኗ ኬይማን ደሴቶች ነው፤ ቢሮውና ሠራተኛው ግን ቻይና ነው። ከእነዚህ ኩባንያዎች ጀርባ የሕግ ቡድን፣ ኦዲተርና የሚያውቃቸው ባንክ አለ። ከእህታችን ጀርባ ያሉት ግን ሦስት ኮምፒውተርና አንድ ታማኝ ደንበኛ ናቸው። ይህን ሳወዳድር ሥራዋን ላሳንስ አይደለም፤ እንዲያውም አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ሰው ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ያለበት የክፍያው መስመር እንዳይቋረጥ ነው።

ብዙ ወጣቶች ደግሞ ኩባንያውን የሚፈልጉት በካርድ ክፍያ ለመቀበል ነው። በኢንተርኔት የካርድ ክፍያ የሚያቀባብለው ስትራይፕ የተባለ ድርጅት በሚያስተናግዳቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ቶርቶላም የለችም። ለዚያ ብሎ የሚገዛ ሰው በማግሥቱ ባዶ እጁን ይቀራል።

አንጉዊላን በተመለከተ፣ እርሷም የብሪታንያ ግዛት ናት፤ 91 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 16,000 ገደማ። በ2022 አዲስ የኩባንያ ሕግ አውጥታለች፣ አሠራሩ ከቶርቶላ ጋር ይመሳሰላል፤ ባንኩም ግብሩም ጋሼ እንዳሉት ነው። ዛሬ በዓለም የታወቀችው ግን በሌላ ነገር ነው። በ«ኤ አይ» የሚያልቁ የድረ ገጽ ስሞች የእርሷ ናቸው፤ «ኤ አይ» የሰው ሠራሽ አስተውሎት የእንግሊዝኛ ምኅጻር በመሆኑ ሁሉም ስለሚሻማባቸው በ2023 ብቻ 32 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብታለች፤ ይህም ከመንግሥቷ ገቢ ከአምስት አንዱን እጅ ይበልጣል። ስሙን ለመግዛት ግን እዚያ ኩባንያ ማቋቋም አያስፈልግም። ወኪልሽ አስፈላጊ ነው ካለሽ አትመኚው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ወኪሉ «ተወካይ ዳይሬክተር እናስገባልሻለን፣ ስምሽ አይታይም» ሊልሽ ይችላል። ያ ሰው የማታውቂው፣ ምናልባትም መቶ ኩባንያ በስሙ ያለ ሰው ነው። አንቺ ከጀርባ በውክልና ትመሪያለሽ፤ ሕጉ ግን የሚያየው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ ሳይሆን በእውነት የሚወስነውን ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ ሆነሽ እስከወሰንሽ ድረስ ምንም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የፊርማው ሥልጣን በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ብቻ ነው።

ንድፍ ሠሪዋ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ ለልጆቹ አነበብሁላቸው።

ትናንት ወኪሉን ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁት። የሁለተኛው ዓመት ክፍያ ስንት ነው አልሁት፤ 1,250 ዶላር አለኝ፤ እስከዛሬ አልነገረኝም ነበር። ሒሳቡ የሚከፈተው በየትኛው ባንክ ነው አልሁት፤ «ከከፈልሽ በኋላ ይነገርሻል» አለኝ። እዚያ ላይ ቆምሁ።

ለካናዳው ደንበኛም ጻፍሁለት። በቀጥታ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ባንክ መክፈል ትችላላችሁ ወይ ስል፣ በማግሥቱ ጠዋት መለሰልኝ። ችግር የለብንም፤ የድርጅቱን ስም፣ የሒሳብ ቁጥሩንና የባንኩን የስዊፍት መለያ ላኪልን፣ ውሉንም በድርጅቱ ስም እናድሰው አለ። ዓመት ከመንፈቅ አጎቴን ያስጨነቅሁት አንድ ደብዳቤ ባለመጻፌ ነው። ይህ በጣም አሳዘነኝ።

አሁን ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ሁለቱ ልጆች አብረውኝ ባለድርሻ ቢሆኑ እወዳለሁ፤ አንደኛዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብራኝ ነበረች። እና ጋሼ፣ እስካሁን በአጎቴ በኩል የገባው ገንዘብ ነገርስ? ግብር አልተከፈለበትም። እውነቱን ልንገርዎት፣ የቤተሰብ ድጋፍ እየተባለ ነው ሲላክልኝ የነበረው።

ሒሳብ ሠራተኛው (ባሕር ዳር)

ልጄ፣ ይህን በግልጽ መጻፍሽን አከበርሁልሽ።

ስለ ድርሻው፣ ሦስታችሁም አባል ከሆናችሁ ማኅበሩ የተለመደው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ድርሻውን ስትከፋፈሉ በፍቅር ብቻ አታድርጉት። አንዷ ብትወጣ ድርሻዋን ለማን ትሸጣለች፣ በስንት ትሸጣለች፣ የትርፍ ክፍፍሉ መቼ ነው፣ ኮምፒውተሮቹ የማን ናቸው፤ ይህን ሁሉ መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ አሁን አስፍሩት፤ አሁን ስትዋደዱ ቀላል ነው። በንግድ ምዝገባው ላይ የሥራ መደቡን ሲጠይቁሽ የምትሠሪውን በዝርዝር ንገሪያቸው። የምህንድስና ንድፍ ሥራ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል፤ ዲግሪሽንና የልጆቹንም ይዘሽ ሂጂ።

ስላለፈው ገንዘብ። የሥራ ዋጋ የሥራ ዋጋ ነው፤ በአጎት በኩል ስለመጣ ስጦታ አይሆንም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ሳይጠሩኝ እሄዳለሁ። ከአጎትሽ የባንክ መግለጫውን በሙሉ ተቀበዪ፤ ከግንባታ ድርጅቱ የገባው በየትኛው ቀን ስንት እንደሆነ፣ ለአንቺ የላከው ስንት እንደሆነ አንድ በአንድ የሚያሳየውን። ከዚያ ወጪሽን አስቀምጪ፤ የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ለልጆቹ የከፈልሽው፣ የኮምፒውተሮቹ ዋጋ። ደረሰኝ የሌለውን ደረሰኝ የለውም ብለሽ ጻፊ፤ አትፍጠሪ። ግብር የሚከፈለው በትርፉ ላይ ነውና ምናልባት የምትፈሪውን ያህል አይሆንም። መቀጫና ወለድ ይኖራል፤ ብዙ ከሆነ በየወሩ ለመክፈል መጠየቅ ትችያለሽ። ለአጎትሽም ጥሩ ነው፤ ባንኩ እንደገና ሲጠይቀው የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትመጪ ቢሮዬ ጎራ በይ። መዝገቡን አብረን እንሠራዋለን፤ ለዚህኛው አላስከፍልሽም።

ንድፍ ሠሪዋ (ደብረ ማርቆስ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ ጋሼ። አጎቴ ዛሬ ማታ የአሥራ ስምንት ወሩን መግለጫ ልኮልኛል። ልጆቹ በቀን ለይተው ሠንጠረዥ እየሠሩት ነው፤ እኔ ደግሞ ደረሰኞቹን ከካርቶኑ አውጥቼ መሬት ላይ በወር በወር ዘርግቻቸዋለሁ። የየካቲቱ የኪራይ ደረሰኝ ጠፍቶብኛል፤ አከራያችንን እማማን ነገ ከቅዳሴ መልስ ጠይቄ አስጽፋቸዋለሁ። ሰኞ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ፣ ሐሙስ ባሕር ዳር እመጣለሁ።